ከቆጠራ እስከ “ይበል”

“ቅኔ ቢጎድልህ ቀረርቶ ሙላበት” ይላሉ አበው። አባባሉ ምፀት ነው፤ ፍሬው ሳይበስል ጩኸቱ የሚቀድምበትን ሰው ለመንካት የተባለ ነው። እኔ ግን በአሁኑ ጊዜ ይህችን አባባል ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ስልኬ ነው። በስልኬ ውስጥ በየደቂቃው አዲስ ዜማ፣ አዲስ ግጥም፣ አዲስ ፊት ይመጣል። ከመካከሉ ጥሩ ሥራ የለም አልልም፤ አለ። ብዙው ግን ሳይቆጠር የተዘረፈ ነው። ውድ አንባቢያን፣ “ሳይቆጠር የተዘረፈ” ያልኩት የቅኔ ቤት ቋንቋ ስለሆነ ወረድ ብዬ አብራራዋለሁ። በዚህች ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ጥያቄ ግን ቀላል ነው። አንድ የዜማ ደራሲ ከማኅበራዊ ሚዲያ ርቆ ሊኖርና ሊሠራ ይችላል ወይ? ቢችልስ ምን ያተርፋል? ምንስ ያጣል?

ጥያቄው ለእኔ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ አይደለም። ክራር እጫወታለሁ፤ ግጥምና ዜማም እሞክራለሁ። የዶርም ጓደኞቼ “አንተ ልጅ፣ ምን ትጠብቃለህ? ቲክቶክ ላይ ልቀቀው እንጂ!” ማለት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የሚሉት ከክፋት አይደለም። እኔም እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ገንዘብ ያስፈልገኛል። ከዜማዎቼ አንዱ እንኳ ሰው ዘንድ ቢደርስ የቤታችንን የማዳበሪያ ዕዳ ያቃልል ነበር እያልኩ ሌሊት የማስብበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነገሩን በዋዛ “ሚዲያ ከንቱ ነው” ብዬ ልዘጋው አልችልም።

የተወለድኩት መርጡለ ማርያም ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ እነብሴ ሳር ምድር ወረዳ። አገራችንን የሚያውቁ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያነሱት ገዳሟን ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም እቴጌ እሌኒ ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ እስከ ዛሬ አለ። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን አበባና ሐረግ ያየ ሁሉ ይደነቃል። እኔ የእሌኒን ስም እየሰማሁ አደግሁ፤ የጠራቢዎቹን ስም ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ሰዎቹ ሠርተው ሄዱ፤ ድንጋዩ ቀረ።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። ለማያውቁት ጓደኞቼ አሠራሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ጀማሪ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ከዚያ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ ሥላሴ ስድስት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት እያለ ይሄዳል። ሁለት ቤት ስትባል ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በግእዝ፣ በልኩ፣ ሰሙና ወርቁ ተጣጥሞ፣ ከዚህ በፊት ማንም ያላለውን ሁለት ቤት ማግኘት ቀን ሙሉ ይፈጃል። ተማሪው ቁራሹን ለምኖ ሲመለስ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል አፋፍ ይወጣል። ነጠላውን ወይም ደበሎውን ተከናንቦ ይቀመጣል። መንገደኛ ቢያልፍ ቀና ብሎ አያይም፤ መንገደኛውም “ተማሪው እየቆጠረ ነው” ብሎ በዝምታ ያልፈዋል። ይህ ነው ቆጠራ የሚባለው።

ከቆጠራ ቀጥሎ ነገራ አለ። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ግሱ ካልገባ፣ ምሥጢሩ ካልተስማማ ያርማሉ፤ አንዳንዴም “ይህ የአንተ አይደለም፤ ሂድና ቁጠር” ብለው ይመልሳሉ። የኔ የኔታ ብዙ አይናገሩም ነበር። ደህና ሲሆን “እ…” ይላሉ። ካልሆነ ጭራቸውን አንሥተው ዝንብ ያባርራሉ። ዝንብ በሌለበት ቀን ጭራው ከተነሣ እንግዲህ ነገሩ ገብቶናል ማለት ነው፤ ነጠላችንን ሰብስበን ወደ ጫካችን።

በነገራ ተፈትኖ ያለፈ ባለቅኔ በበዓል ቀን በማኅሌት ይቀኛል። ሊቃውንቱ ምሥጢሩ ሲገባቸው “ይበል! ይበል!” ይላሉ። ይበል እንደው ለሰላምታ የሚባል አይደለም፤ የሚለው ሰው ሰሙን ገልጦ ወርቁን ያየ ነው። ነገ ደግሞ ያችኑ ቅኔ ደግሞ ማምጣት የለም፤ አዲስ ይፈለጋል። የኔታን የመሰሉ ሊቃውንት ቆመው ወዲያውኑ ሲቀኙ “ዘረፉ” ይባላል። እንደዚያ ለመዝረፍ የበቁት ግን ስንት ዓመት ቆጥረው ነው። እንግዲህ “ሳይቆጠር የተዘረፈ” ያልኩት ይህን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ “ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ኖታ አንብቦ፣ ፒያኖ ተጫውቶ፣ ሸክላ አስቀርጾ የሚኖረውን የዘመኑን ሙዚቀኛ ምን አገባው?” ሊለኝ ይችላል። መልሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። ታሪካቸው በአብዛኛው ውጭ አገር የተፈጸመ ስለሆነ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የታወቁ የመንግሥት ሰው ነበሩ። የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ስንዱ ገብሩን እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በደራሲነታቸው፣ በኋላም ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት በመሆናቸው እናውቃቸዋለን። ታናሺቱ ግን እዚያ ያገኘችው ቫዮሊን ነበር። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጣልያን መጣ። በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ በምትባል ደሴት፣ ኋላም በኔፕልስ አቅራቢያ በምትገኘው መርኮሊያኖ ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባሉ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በቀን 4 ሰዓት ቫዮሊን፣ 5 ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። ኮንቶሮቪችም ኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መርተዋል።

በቀን 9 ሰዓት! እኔ ይህን ቁጥር ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ቆጠራን ነው። መምህሩ ደግሞ ነገራ ናቸው። እማሆይ ለዓለም ከመጫወታቸው በፊት ለአንድ ለሚያውቅ ጆሮ ሲጫወቱ ኖረዋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለንደን ሄደው ለመማር ዕድል አገኙ፤ ፈቃድ ግን ተከለከሉ። ኀዘኑ ከባድ ስለነበር ምግብ እምቢ ብለው እስከ ሆስፒታል ደረሱ። ከዚያ ሕመም ሲነሡ ልባቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ወሎ፣ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ በ21 ዓመታቸው መነኮሱ። በዚያ ተራራ ላይ 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። አውሮፓ ተምራ፣ ካይሮ ተለማምዳ የመጣች የከንቲባ ልጅ የኮንሰርት አዳራሽ በሌለበት አምባ ላይ ስትቀመጥ ጓደኞቿ ምን ብለው ይሆን? “ምን ትጠብቂያለሽ?” ያላቸው አይጠፋም እላለሁ።

አሁን ወደ እኔ ቤት የሚመጣውን ክፍል ልንገራችሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እማሆይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ነበሩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ የቆሎ ተማሪዎችን ያያሉ። ተማሪዎቹ ለምነው ይበላሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሜዳ ላይ ያድራሉ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ወሰኑ። በ1967 በጀርመን አገር ሸክላቸው ታተመ፤ ከሸክላዎቻቸው የተገኘውም ገንዘብ አባቶቻቸው በጦርነት ለሞቱባቸው ልጆች ማሳደጊያ እንዲውል አድርገዋል። እኔ በአኮፋዳዬ ቁራሽ የሰበሰብኩ፣ ከውሻ ጋር የተሯሯጥኩ ሰው ነኝ። የአንድ ፒያኖ ሙዚቃ ከእኔ ዓይነቱ ልጅ ረኀብ ተነሥቶ ወደ ሸክላ መግባቱን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከሰው መራቅ ማለት ሰውን መርሳት አለመሆኑን ከዚህ ተማርኩ። እማሆይ የሸሹት ጭብጨባውን ነው እንጂ የተራበውን ልጅ አይደለም።

በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ። በኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ትንሽ ክፍል ከፒያኗቸው ጋር ወደ 40 ዓመት ገደማ ኖሩ። ልብ በሉ፣ ፌስቡክ የተጀመረው በ2004፣ ዩቲዩብ ደግሞ በ2005 ነው። “ኢትዮፒክስ” በሚባለው ተከታታይ እትም 21ኛው ሲዲ የእማሆይን የፒያኖ ሥራ ይዞ በ2006 ሲወጣ እርሳቸው 82 ዓመታቸው ነበር። ዓለም ያን ጊዜ “ይህች ማን ናት?” አለ። በ2013 ደግሞ ማያ ዱኒየትዝ የምትባል እስራኤላዊት ፒያኒስት ከሌሎች ጋር ሆና ኖታዎቻቸው በመጽሐፍ እንዲታተሙ አደረገች። እማሆይ ያስረከቧት የእጅ ጽሑፍ በከረጢት የታጨቀ፣ በመቶ የሚቆጠር ገጽ ነበር። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። በ2024 “ሱቬኒርስ” የተባለ አልበም ወጣ። በውስጡ ያለው በ1977 እና በ1985 መካከል እቤታቸው በቴፕ የቀዱት፣ በራሳቸው ድምፅ በአማርኛ ያዜሙት ነው። ያ ድምፅ ሰው ጆሮ እስኪደርስ አርባ ዓመት ያህል ጠብቋል። የእኔን ዕድሜ ሁለት ጊዜ ያህል ማለት ነው።

ሥራቸውን የሰማ ሰው ይህን ትዕግሥት በጣቶቻቸው ውስጥ ያገኘዋል። ግራ እጃቸው የአውሮፓን ፒያኖ ያስታውሳል፤ በቀኙ የአገራችን ቅኝት ይመላለሳል። ጊዜው እንደ ሰዓት አይቆጥርም፤ እንደ እስትንፋስ ረዘም አጠር ይላል። አንድ ድምፅ ላይ ቆም ይሉና አድማጩ “ረሱት እንዴ?” ሲል ይቀጥላሉ። እንዲህ ያለ ዜማ 15 ሴኮንድ ውስጥ አይገባም። ቢገባም ያች ቆም ያሉባት ቦታ ትቆረጣለች፤ እኔን የምትነካኝ ደግሞ እሷ ናት።

ይሁን እንጂ እውነቱን መደበቅ አይገባም። እማሆይን በመጀመሪያ የሰማኋቸው በስልኬ ነው፤ ያውም በዩቲዩብ። ሸክላቸውን የት አገኘዋለሁ? ኢየሩሳሌምስ በምን እሄዳለሁ? እርሳቸው የራቁት ነገር ነው እኔን ከእርሳቸው ያገናኘኝ። እርሳቸውም ቢሆኑ ሥራቸው እንዲሰማ ይፈልጉ ነበር፤ ባይፈልጉ ሸክላ ባላስቀረጹ፣ ያን ሁሉ ወረቀት በከረጢት አጭቀው ባላስረከቡ። ስለዚህ ክርክሩ በመሰማትና ባለመሰማት መካከል አይደለም። ቁም ነገሩ መቼ፣ በማን ፊት፣ ምን ያህል ከበሰለ በኋላ የሚለው ነው።

ደግሞ ዝምታን ሁሉ እንደ ቅድስና የሚያዩ ሰዎች አሉ። በዚህ አልስማማም። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ሁላችንም ከማኅበራዊ ሚዲያ ርቀን ነበር። ታዲያ ምን ፈጠርን? እኔ በእነዚያ ወራት አንዲት ስንኝ አልወጣልኝም። ጆሮዬ ለዜማ ክፍት አልነበረም፤ ለወሬ ነበር። ማን ደኅና አደረ፣ መንገዱ ተከፈተ ወይ፣ የእገሌ ልጅ የት ነው? ዘመድ የሞተበት ሰው መርዶውን ከስንት ቀን በኋላ ይሰማ ነበር። በግድ የተጫነ ዝምታ ዜማ አይወልድም፤ ፍርሃት ነው የሚወልድ። እማሆይም ሁለቱንም ዝምታ አይተዋል፤ አሲናራ የታሰሩበት ነው፣ ግሸን ግን ወደው የወጡበት። ከሁለቱም ቦታ ዓለም ሩቅ ነበር። ልዩነቱ በሩን የዘጋው ማን ነው የሚለው ላይ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ “ልቀቀው እንጂ” ሲሉኝ የሚከነክነኝ ነገር ምን እንደሆነ አሁን ለመናገር የምችል ይመስለኛል። ማኅበራዊ ሚዲያ ቆጠራን አይከለክልም፤ ስልኩን ዘግቶ መቁጠር ይቻላል። አድማጭም አያሳጣም፤ እንዲያውም ከማኅሌት የበለጠ ሕዝብ ያመጣል። የሚያስቀረው መካከለኛውን፣ ነገራን ነው። ዜማው ከደራሲው አፍ ወጥቶ በቀጥታ ሺህ ሰው ፊት ይወድቃል። ሺህ ሰው ደግሞ አያርምም። ወይ ልብ ይልካል፣ ወይ ይሳደባል፣ ወይ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፋል። “ሁለተኛው ቤት ከአንደኛው ጋር አልተስማማም፤ ሂድና ቁጠር” የሚል የለም። እንዲህ የሚል ሰው ከእኛ ጋር መቀመጥ አለበት፤ ፊታችንን ማየት፣ ነገም መልሶ ማግኘት አለበት። ላይክ ስንት ሰው እንዳለፈ ይነግረኛል። የየኔታ ጭራ ግን የትኛው ቃል ላይ እንደተነሣ አውቅ ነበር።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው “ያንተ የኔታ መርጡለ ማርያም ናቸው፤ እዚህ ማን አለህ?” አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። እማሆይን የሚያህል ሰው ካይሮ ድረስ ሄዶ ነው መምህር ያገኘ። የቆሎ ተማሪም ቢሆን የኔታን ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራል። ጆሮ የሚፈለግ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ አይመጣም። እኛ ግን አንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነን። ግጥም የምትጽፍ አለች፣ አጭር ልብወለድ የሚሞክር አለ፣ እኔን የመሰለ ክራር የሚነካካም አለ። ዶርም ለዶርም እንተዋወቃለን፤ ሥራችንን ግን እንደ ማንም ሰው ስልክ ላይ ነው የምንተያየው።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን አንዲት ሐሳብ አቀርባለሁ። ዓርብ ከ10 ሰዓት በኋላ ክፍሎቻችን ባዶ ናቸው። አንዱን ይፍቀዱልን። ስልኮቻችንን በር ላይ በቅርጫት እናስቀምጥ፤ ያልጨረስነውን ሥራ ይዘን እንግባ፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ያርም። ጭብጨባ አያስፈልግም። መምህራኖቻችን ጊዜ ሲኖራቸው ገብተው ቢሰሙን ደስ ይለናል፤ ጭራ ይዘው እንዲመጡ አናስገድድም። ገንዘብ አያስወጣም፣ በጀትም አይጠይቅም። በዓመቱ መጨረሻ የበሰለው በዚህ መጽሔት ቢወጣ፣ ቢፈለግም በቲክቶክ ቢለቀቅ እኔ አልቃወምም። ያን ጊዜ የሚለቀቀው ነገር ቢያንስ አንድ የሚያውቅ ጆሮ አልፎ የመጣ ይሆናል።

እኔም አሁን በእጄ አንድ ዜማ አለኝ። ስለ እናቴና ስለዚያ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። አዝማቹ ወጥቶልኛል፤ ሁለተኛው ስንኝ ደህና ነው፤ ሦስተኛው ግን እንቢ ብሎኛል። ክራሩ ላይ ስሞክረው አንድ ቦታ ላይ ይንሸራተታል፤ ለምን እንደሚንሸራተት ብቻዬን ልደርስበት አልቻልኩም። ጓደኞቼ እንደሚሉት ዛሬ ማታ ልለቀው እችላለሁ፤ ምናልባትም ማንም አያውቅብኝም። ዕዳውም ይጠብቃል ብዬ አልዋሽም፤ ዕዳ አይጠብቅም። ቢሆንም እናቴን በሚንሸራተት ስንኝ ሰው ፊት ላቆማት አልፈልግም። ዓርብን ወይም አንድ የሚሰማኝ ሰው እጠብቃለሁ። ሲሞላ እለቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ለአንድ ሰው ልንገረው።